የስም ኢንዴክስ በበርክሌይ ዲቢ፦ ከርሰሩ የት ቆሟል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር በሲ ቋንቋ የአባላት መዝገብ እየሠራች ነው። መረጃው የተቀመጠው ፕሮግራሙ ውስጥ ገብቶ መረጃን በፋይል በሚይዘው ላይብረሪ፣ በበርክሌይ ዲቢ ነው፤ ዋናው ፋይል በአባል ቁጥር፣ ሁለተኛው ደግሞ በስም የተደረደረ ኢንዴክስ። መስኮት ላይ ያለችው ገንዘብ ተቀባይ የስሙን መጀመሪያ ስትጽፍ በአንድ ገጽ 15 አባላት እንዲወጡላት ተፈልጓል። ያስቸገሩት ነገሮች ሦስት ናቸው። የሌለ ስም ሲፈለግ አንዳንዴ ገጹ ባዶ መሆን ሲገባው ጭራሽ የማይገናኙ ሰዎች ይዘረዘራሉ። ኃይሉ የሚባሉት አባላት ሁሉም አይገኙም። ወደ ቀደመው ገጽ ሲመለሱ አንዳንዱ ስም ይደገማል፣ አንዳንዱ ይዘለላል። «ችግሩ የላይብረሪው ይሆን? ወደ ሌላ ልቀይር?» ብላለች።

እህቴ፣ አትቀይሪ። የላክሽውን ኮድ አንብቤዋለሁ፤ ላይብረሪው የታዘዘውን ነው የሚሠራው። በርክሌይ ዲቢ «እንዲህ ዓይነት ስም ያላቸውን አምጣልኝ» ተብሎ የሚጠየቅ ሰርቨር አይደለም። ባይት ይሰጡታል፣ ባይት ይመልሳል። ስም፣ ፊደል፣ አማርኛ የሚባል ነገር አያውቅም። ወደ ተመሳሳዩ ላይብረሪ ወደ ኤልኤምዲቢ ብትሄጂም ያው ነው፤ ኤስኪውላይትም ሌላ ካልነገርሽው በቀር ጽሑፍን የሚያወዳድረው በባይት ነው። ስለዚህ ከሦስቱ ችግሮችሽ ቢያንስ ሁለተኛው የትም ብትሄጂ ይከተልሻል።

መጀመሪያ ስለ ከርሰሩ። ከርሰር ማለት በተደረደረ መዝገብ ላይ ያረፈ ጣት ነው። ምን እንደፈለግሽ አያስታውስም፣ የት ማቆም እንዳለብሽም አይነግርሽም፤ የሚያውቀው የቆመበትን ቦታ ብቻ ነው። ዲቢ_ሴት_ሬንጅ ብለሽ ቁልፍ ስትሰጪው ከዚያ ቁልፍ ጋር እኩል የሆነውን፣ እኩል ከሌለ ደግሞ ከእሱ የሚበልጠውን የመጀመሪያ ቁልፍ ፈልጎ እዚያ ያርፋል። ዲቢ_ኔክስት አንድ ወደፊት፣ ዲቢ_ፕሬቭ አንድ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ይህ እንግዲህ ፋይሉ ቢትሪ፣ ማለትም ቁልፎቹን ደርድሮ የሚይዝ ዓይነት፣ ሲሆን ነው። ሃሽ ቢሆን ኖሮ ቅደም ተከተል ስለሌለው ሴት_ሬንጅ ልክ ያንኑ ቁልፍ ብቻ ነበር የሚፈልገው። አንቺ ቢትሪ ስለመረጥሽ በዚህ በኩል ሰላም ነው።

አሁን «አንዳንዴ» ያልሽውን እንይ፤ ቁልፉ ነገር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በማኅበሩ ኢንዴክስ መጨረሻ ላይ ያለው ስም ፎዚያ ነው እንበል። ገንዘብ ተቀባይዋ በቀለ ብላ ፈለገች፣ አገኘች፣ ሠራች። ቀጥሎ የመጣው ሰው ስሙ ፓውሎስ ነው፤ ግን አባል አይደለም። ፓ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ቅደም ተከተል ከፎ በኋላ ስለሚመጣ ከእሱ እኩል ወይም የሚበልጥ ቁልፍ በፋይሉ ውስጥ የለም። ሴት_ሬንጅ ዲቢ_ኖትፋውንድ፣ «አልተገኘም»፣ ይመልሳል። እዚህ ላይ ሰው የማያነበው ደንብ አለ፦ የከርሰሩ ጌት (የማንበቢያው ጥሪ) ካልተሳካ ከርሰሩ ከነበረበት አይነቃነቅም። አንቺ ፕሮግራሙ ሲነሳ አንድ ከርሰር ከፍተሽ ቀኑን ሙሉ በእሱ ነው የምትፈልጊው። ሪተርን ኮዱን ትመለከቻለሽ፣ ግን «አልተገኘም» ብለሽ ሎግ ላይ ጽፈሽ ወደ ሉፑ ታልፊያለሽ። ሉፑ ኔክስት ይላል። ከርሰሩ ደግሞ ገና በቀለ ላይ ነው። ስለዚህ በየነና ቤተልሔም ተከታትለው ይወጣሉ።

የሌለው ስም በመዝገቡ መካከል የሚውል ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። ለምሳሌ በዠ የሚጀምር ስም ብትፈልጊ ሴት_ሬንጅ ተሳክቶ በየ የሚጀምረው የመጀመሪያው አባል ላይ ያርፋል። ስህተቱ የሚታየው ከመጨረሻው ስም የሚበልጥ ነገር ሲጻፍ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው «አንዳንዴ» የሆነው።

ይሁንና «የስሙ መጀመሪያ ካልገጠመ ከሉፑ ውጣ» የሚል መስመር አለሽ። ያ መስመር በየነን ማስቆም ነበረበት። ለምን አላስቆመውም? የምታወዳድሪው የቁልፉን 0ኛ ቻር ከተጻፈው ስም 0ኛ ቻር ጋር ነው። በሲ ቻር ማለት ፊደል አይደለም፣ ባይት ነው። የዩኒኮድን ቁጥር በባይት በሚጽፈው በዩቲኤፍ-8 የእኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፤ ከሀ እስከ ፐ ያሉት የዋናው ሠንጠረዥ ፊደላት በሙሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ነው፣ 225። ሀ 225፣ 136፣ 128 ነው። መ 225፣ 136፣ 152 ነው። ፓም በም የሚጀምሩት በ225 ነው። እናም ማጣሪያሽ ለአማርኛ ስም ሁልጊዜ «ገጥሟል» ይላል። ስሞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈሽ በሞከርሽ ጊዜ በትክክል የሠራውም እዚያ አንድ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ ነው። ገንዘብ ተቀባዮቹም ምናልባት ዝርዝሩ ከተፈለገው ስም አልፎ ሲቀጥል ፕሮግራሙ እንዲህ ነው ብለው ለምደውታል። ጠይቂያቸው።

ማስተካከያው ይህን ይመስላል። እውነተኛዎቹን የፈንክሽን ስሞች አንቺ ታውቂያቸዋለሽ፣ እኔ ሐሳቡን ብቻ ልጻፍ፦

ቅድመ ← የተጻፈው ስም፣ ወጥ ከተደረገ በኋላ (ወጥ ማድረጉ ከታች ይመጣል)
ከርሰር ክፈት
ቁልፍ.ዳታ ← ቅድመ፤ ቁልፍ.ሳይዝ ← የቅድመ ባይት ብዛት
ውጤት ← ፒጌት (ቁልፍ፣ ዋና ቁልፍ፣ ሪከርድ፣ ሴት_ሬንጅ)
ውጤት 0 እስከሆነ ድረስ፦
— የቁልፍ.ሳይዝ ከቅድመ ባይት ብዛት ካነሰ ውጣ
— የቁልፉ መጀመሪያ ባይቶች ከቅድመ ቢለዩ ውጣ
— ሪከርዱን ወደ ገጹ ገልብጥ፤ 15 ከሞላ ውጣ
— ውጤት ← ፒጌት (ቁልፍ፣ ዋና ቁልፍ፣ ሪከርድ፣ ኔክስት)
ውጤት 0ም ኖትፋውንድም ካልሆነ ስህተቱን አሳይ
ከርሰር ዝጋ

ለእያንዳንዱ ፍለጋ ከርሰር መክፈትና መዝጋት ዋጋው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ አንዱን ቀኑን ሙሉ ማንጠልጠል ግን ዋጋ አለው፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ጌት በሚለው ፈንታ ፒጌት ያልኩት የስም ኢንዴክሱን ይዘሽ ስትሄጂ ጌት የሚሰጥሽ ስሙንና ሪከርዱን ብቻ ስለሆነ ነው። የአባል ቁጥሩንም አብሮ የሚያመጣው ፒጌት ነው።

በዚህች አጭር ሉፕ ውስጥ ሰው የሚሰናከልባቸው ነገሮች አሉ። ሴት_ሬንጅ የሰጠሽውን ቁልፍ በተገኘው ቁልፍ ይተካዋል። ጌት ከተጠራ በኋላ ቁልፍ.ዳታ የሚያመለክተው አንቺ ወደጻፍሽው ሳይሆን ላይብረሪው ወደያዘው ሜሞሪ ነው። ስለዚህ ቅድመ የራሱ ቦታ ይኑረው፣ ቁልፍ ውስጥ አትፈልጊው። ላይብረሪው የሰጠሽ ሜሞሪም ዋስትናው በዚያው ከርሰር ቀጣዩን ጥሪ እስክታደርጊ ብቻ ነው። ፖይንተሩን አስቀምጠሽ 15ቱን በኋላ አትሚያቸዋለሁ ካልሽ ሌላ ሰው ስም ታትሚያለሽ። ገልብጪ። ሦስቱም ስትራክቶች፣ ቁልፍ፣ ዋና ቁልፍና ሪከርድ፣ ከመጠቀምሽ በፊት በሜምሴት ዜሮ ይሁኑ፤ አንቺ ቁልፉን ብቻ ነው ያጸዳሽው፣ የሪከርዱ ፍላግ ውስጥ ያለው ቆሻሻ አንድ ቀን ያስቸግርሻል።

የባይት ብዛቱ ላይ ደግሞ ስትርለን ላይ 1 ደምረሻል። የመጨረሻዋ ዜሮ ባይት ኢንዴክሱ ውስጥ ብትገባ ብቻውን አይጎዳም፤ ቅድመ ውስጥ ስትገባ ግን «አበ» ብለሽ ስትፈልጊ «አበ» እና ዜሮ ባይት ይሆናል። አበራ ላይ በትክክል ያርፋል፣ ማወዳደሪያው ግን ዜሮዋ አልገጠመችም ብሎ ያባርረዋል። እስካሁን ያልታየሽ ማጣሪያሽ አንድ ባይት ብቻ ስለሚያይ ነው። ማጣሪያውን ስታስተካክዪ ይሄኛው ብቅ ይላል፣ ያኔ «ይባስ አበላሸሁት» እንዳትዪ አሁኑኑ ነገርኩሽ።

የስም መያዣሽም ጠባብ ነው። 20 ባይት ለላቲን ፊደል ይበቃል፤ ለእኛ 6 ፊደልና ትርፍ 2 ባይት ማለት ነው። በርተሎሜዎስ 7 ፊደል፣ 21 ባይት ነው፤ ስትርንኮፒ የመጨረሻዋን ስ አንድ ባይት ቆርጦ ያስቀራል፣ ማለቂያውን ዜሮም አይጽፍም። ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። ለስም፣ ለአባት፣ ለአያት እያንዳንዳቸው 60 ባይት ስጪ።

አሁን ወደ ኃይሉ እንምጣ፤ የዚህ ምላሽ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው።

በርክሌይ ዲቢ በቢትሪ ውስጥ ቁልፎችን የሚደረድረው፣ ሌላ ካላዘዝሽው፣ ባይት በባይት እያወዳደረ ነው። ዩቲኤፍ-8 በባይት ሲደረደር የዩኒኮድን ቁጥር ቅደም ተከተል ይጠብቃል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ነው፤ ሠንጠረዡ ሀለሐመን ተከትሎ ነው የተሠራው። ለሊቁም ለተማሪውም ጥሩ ነው፣ ለቁጠባ መስኮት ግን ጣጣ አለው። ሀ ቁጥሩ 4608 ነው። ሐ 4624 ነው። ኀ 4736 ነው። በድምፅ አንድ ናቸው፣ በፋይሉ ውስጥ ግን አገር ለአገር ተራርቀዋል።

የአንቺ ኢንዴክስ ውስጥ ያለውን ተመልከቺ። ሀይሉ እና ሃይሉ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። በለ የሚጀምሩት ካለፉ በኋላ ሐይሉ ይመጣል። ከዚያ በመ፣ በሠ፣ በረ፣ በሰ፣ በሸ፣ በቀ፣ በበ፣ በተ፣ በቸ የሚጀምሩት አባላት ሁሉ ያልፋሉ። ከእነሱ በኋላ ነው ኃይሉ የሚገኘው። ሰውየው ምዝገባ ላይ ኃይሉ ተብሎ ተጽፎ መታወቂያው ላይ ሀይሉ ከሆነ ገንዘብ ተቀባይዋ መታወቂያውን አይታ ስትጽፍ ከርሰሩ የመዝገቡ ራስጌ ላይ ነው የሚያርፈው፣ የሰውየው ሪከርድ ደግሞ ከመሐል አልፎ ተቀምጧል። ኔክስት እያልሽ ብትሄጂ አትደርሺበትም፣ መድረስም የለብሽም። ፀሐይና ጸሐይ ይሻላሉ፤ ጸ እና ፀ በሠንጠረዡ ጎረቤት ስለሆኑ ጎን ለጎን ናቸው፣ ግን አንዱ ሲፈለግ ሌላው አይወጣም። ዓለሙና አለሙ፣ ሠናይትና ሰናይትም እንዲሁ።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለቢትሪው የራስሽን ማወዳደሪያ ፈንክሽን መስጠት ነው፤ ላይብረሪው ይፈቅዳል፣ ፋይሉ ከመከፈቱ በፊት ማስመዝገብ ብቻ ነው። አልመክርሽም። ፋይሉን የሚነካ ማንኛውም ፕሮግራም ያንኑ ማወዳደሪያ ይዞ መምጣት አለበት። የፋይል መመርመሪያው ዲቢ_ቬሪፋይ እንኳ ያንቺን ደንብ ስለማያውቅ ቅደም ተከተሉን አትይ ካላልሽው ፋይሉ ተበላሽቷል ይልሻል። አንቺ ሥራ ለቀሽ ሌላ ሰው ሲተካሽ ይህን ከየት ያውቃል?

ሁለተኛው መንገድ ቁልፉን ራሱን ወጥ ማድረግ ነው። ሪከርዱ ውስጥ ስሙ ሰውየው እንደሚጽፈው ይቀመጥ፤ ኃይሉ ካለ ኃይሉ። ኢንዴክሱ ውስጥ የሚገባው ግን ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ የተመለሱለት ቅጂ ይሁን። ገንዘብ ተቀባይዋ የምትጽፈውም በዚያው ፈንክሽን አልፎ ነው ወደ ሴት_ሬንጅ የሚሄደው። ፈንክሽኑ አጭር ነው። ሦስቱን ባይት ወደ ቁጥር ትቀይሪያለሽ፦ ከመጀመሪያው 224 ቀንሰሽ በ4096 ታባዢያለሽ፣ ከሁለተኛው 128 ቀንሰሽ በ64፣ ከሦስተኛው 128 ቀንሰሽ እንዳለ፣ ከዚያ ትደምሪያለሽ። ኃ 225፣ 138፣ 131 ነው፤ 4096 ሲደመር 640 ሲደመር 3፣ 4739። ከዚያ ደንቡን ታስኬጃለሽ። ከሐ እስከ ሖ ያሉትን 16 ቀንሺላቸው። ከኀ እስከ ኆ 128 ቀንሺ። ከሠ እስከ ሦ 16 ጨምሪ። ከዐ እስከ ዖ 48 ቀንሺ። ከፀ እስከ ፆ 8 ቀንሺ። በመጨረሻ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሺ። 4739 ሲቀነስ 128 4611፣ ሃ ሆነ፤ ከዚያ 4608፣ ሀ። ኃይሉ ሀይሉ ሆነ። ሁሉም 3 ባይት ሆነው ስለሚቀሩ ርዝመቱ አይቀየርም፣ እዚያው ቦታው ላይ ልትሠሪው ትችያለሽ።

ደንቡን በሰባቱ ቤቶች ብቻ ገድቢው። ሗ ላይ 16 ብትቀንሺ የምትደርሺው ሇ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ሌላ ድምፅ ነው። በስም ውስጥ እምብዛም ስለማይገጥም ሗን እንዳለ ተዪው።

ክፍተቱንም ከቁልፉ አውጪው። ኃይለ ማርያም ተነጥሎም ተገጥሞም ይጻፋል፤ ወልደ ጊዮርጊስም እንዲሁ። ቁልፉም የሚፈለገውም ክፍተት ከሌላቸው ሁለቱም ይገናኛሉ። በዘንግ ያጠሩትን ግን፣ ኃ/ማርያም፣ ገ/መድኅን የሚሉትን፣ ፕሮግራሙ እንዲገምት አታድርጊ። ተ/ ተክለ ይሁን ተስፋ ማን ያውቃል? ምዝገባው ላይ ዘንግ የያዘ ስም አትቀበዪ፣ የድሮዎቹን በእጅ ያስተካክሉ። ሰው ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም።

ይህ ሥራ የሚገባው በአሶሼት፣ ኢንዴክሱን ከዋናው ፋይል ጋር በሚያያይዘው ጥሪ፣ ላይ ባስመዘገብሽው ኮልባክ ውስጥ ነው። ኮልባኩ የዋናውን ፋይል ቁልፍና ሪከርድ ይቀበልና የኢንዴክሱን ቁልፍ ይሰጣል። አሁን ያለው ኮልባክሽ በውስጡ የታወጀ አሬይ አድራሻ ነው የሚመልሰው፤ ፈንክሽኑ ሲመለስ ያ ሜሞሪ የማንም ነው። በማሎክ ውሰጂ፣ የውጤቱ ፍላግ ላይ ዲቢ_ዲቢቲ_አፕማሎክ አድርጊ፣ ላይብረሪው ሲጨርስ ራሱ ይለቀዋል። አባልነቱ የተሰረዘ ሰው በስም ፍለጋ እንዳይወጣ ከተፈለገ ደግሞ ኮልባኩ ዲቢ_ዱኖትኢንዴክስ ይመልስ።

አሁን እዚያው ቁልፍ ላይ አንድ ነገር እንድትጨምሪ እመክርሻለሁ፦ ወጥ ከተደረገው ስም በኋላ አንድ ዜሮ ባይት፣ ከዚያ የአባሉ ቁጥር በ4 ባይት። ኮልባኩ ዋናውን ቁልፍ ስለሚያገኝ ችግር የለውም። ጥቅሙ፣ አበበ ከበደ የሚባሉ አምስት ሰዎች ቢኖሩ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁልፍ ይኖራቸዋል። አሁን በዱፕሊኬት፣ በአንድ ቁልፍ ሥር ብዙ ሪከርድ አድርገሽ፣ ነው የያዝሻቸው፤ ይሠራል፣ ግን ከመሐላቸው አንዱ ላይ ተመልሶ ማረፍ ሲፈለግ ጥሪው ይወሳሰባል። የገጽ ጉዳይሽም የተበላሸው እዚያ ነው፤ የገጹ መጨረሻ አበበ ከበደ ከሆነ የትኛው አበበ እንደሆነ አታስታውሺም፣ በስሙ ብቻ ተመልሰሽ ስትፈልጊ ከመጀመሪያው አበበ ትጀምሪያለሽ።

ቁጥሩን ስትጽፊ በኤችቶንኤል አሳልፊው፣ ትልቁ ባይት ይቅደም። የምንጠቀምባቸው የኢንቴል ኮምፒውተሮች ትንሹን ባይት ነው የሚያስቀድሙት፤ 1 ሲጻፍ 1፣ 0፣ 0፣ 0 ይሆናል፣ 256 ደግሞ 0፣ 1፣ 0፣ 0። በባይት ሲወዳደሩ 256 ከ1 በፊት ይመጣል። ዋናው ፋይልሽም ይኸው ችግር አለበት፤ አልጠየቅሽም እንጂ የአባላት ዝርዝርሽን በቁጥር ብታትሚው ግራ የሚያጋባ ሰልፍ ነው የምታዪው።

ቁልፉ እንዲህ ከተስተካከለ ወደፊትና ወደ ኋላ መሄድ ይቀላል። የእያንዳንዱን ገጽ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቁልፍ ሙሉ ባይቱን ገልብጠሽ ያዢ፣ ከርሰሩን ዝጊው። ወደሚቀጥለው ገጽ ሲባል በአዲስ ከርሰር የመጨረሻውን ቁልፍ ሴት_ሬንጅ አድርጊ። ያረፈበት ቁልፍ ያው ራሱ ከሆነ ኔክስት ብለሽ ጀምሪ። ራሱ ካልሆነ፣ በመካከል ሌላ መስኮት ሰርዞታል ማለት ነው፤ ያረፍሽበት ቀድሞውኑ የሚቀጥለው ስለሆነ ኔክስት አትበዪ። ያንቺ ኮድ ሁልጊዜ ኔክስት ስለሚል ነው አንዳንዱ ስም የሚዘለለው።

ወደ ኋላ ሲሆን የአሁኑን ገጽ የመጀመሪያ ቁልፍ ሴት_ሬንጅ አድርገሽ፣ ያረፈበት ራሱም ሆነ ሌላ፣ ፕሬቭ በዪ። ቁልፉ ተሰርዞም ቢሆን ፕሬቭ የሚወስድሽ ከእሱ በፊት ወዳለው ነው። 15 እስኪሞላ ወይም ቅድመ መግጠሙን እስኪያቆም ሂጂ፤ በተገላቢጦሽ ስለሚመጡ አሬይ ውስጥ ይዘሽ ቅደም ተከተላቸውን ገልብጠሽ አትሚ። ከ15 ካነሱ የዝርዝሩ ራስጌ ላይ ደርሰሻል፤ ያን ጊዜ ግማሽ ገጽ ከምታሳዪ ከቅድመ ጀምረሽ ወደፊት አዲስ ገጽ ሙዪ። ሴት_ሬንጁ ኖትፋውንድ ቢልሽስ? ከርሰሩ አዲስ ከሆነ ገና የትም አልቆመም፤ የትም ባልቆመ ከርሰር ላይ ፕሬቭ ማለት የመጨረሻውን ሪከርድ አምጣ ማለት ነው። በዚህ ቦታ የምትፈልጊውም እሱን ነው። የቆየ ከርሰር ቢሆን ግን ካለፈው ፍለጋ ቦታ አንድ ወደ ኋላ ይሄድ ነበር።

በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ መዝለል ከተፈለገ የቅድመን የመጨረሻ ባይት በ1 አሳድገሽ ሴት_ሬንጅ፣ ከዚያ ፕሬቭ። ዩቲኤፍ-8 ውስጥ 255 የሆነ ባይት ስለሌለ ሞልቶ ይፈስሳል ብለሽ አትስጊ። የመጨረሻ ባይቱ 191 ሲሆን ውጤቱ ልክ የሆነ ፊደል ላይሆን ይችላል፤ ግድ የለም፣ ለማወዳደሪያ እንጂ ለማተሚያ አይደለም።

ከርሰር ክፍት ይዞ መቆየት ዋጋ አለው ያልኩት እዚህ ይገባል። በትራንዛክሽን ከሠራሽ ከርሰሩ ያረፈበትን የፋይሉን ገጽ (የስክሪኑን አይደለም) የማንበቢያ መቆለፊያ ይይዛል። ገንዘብ ተቀባይዋ ዝርዝሩን ስክሪን ላይ ትታ ቡና ልትጠጣ ብትወጣ በሌላው መስኮት ያለው ሠራተኛ እዚያ ገጽ ላይ መጻፍ አይችልም። ቁልፎቹን ይዘሽ ከርሰሩን ከዘጋሽ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ትራንዛክሽኑን ከመዝጋትሽ በፊትም ከርሰሩ መዘጋት አለበት።

የስም ማረሚያ ፕሮግራምሽን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ኢንዴክሱን በኔክስት እየተጓዝሽ በመንገድ ላይ ስም አትቀይሪ። ስሙ ሲቀየር ሪከርዱ በኢንዴክሱ ውስጥ ወደፊት ሊዛወርና እንደገና ሊገጥምሽ ይችላል። ችግሩ ያረጀ ነው፤ በ1976 እ.ኤ.አ. የአይቢኤም ተመራማሪዎች በሃሎዊን ቀን ስለደረሱበት እስከ ዛሬ የሃሎዊን ችግር ይባላል። መጀመሪያ የአባል ቁጥሮቹን ሰብስቢ፣ ከርሰሩን ዝጊ፣ ከዚያ በዋናው ፋይል በኩል አንድ በአንድ ቀይሪ። በኢንዴክሱ በኩል መጻፍ ላይብረሪውም አይፈቅድልሽም። መሰረዝ ግን ይፈቅዳል፣ በኢንዴክሱ ላይ ስትሰርዢ ዋናውን ሪከርድ ራሱን ነው የሚያጠፋው፤ ተጠንቀቂ።

ኃይሉዎቹ የጎደሉበት ሌላም ምክንያት ኮድሽ ውስጥ አይቻለሁ። ከቅርንጫፍ በፍላሽ የሚመጣውን መረጃ የሚያስገባው ትንሹ ፕሮግራም ዋናውን ፋይል ብቻ ነው የሚከፍተው። አሶሼት ሳይደረግ የተጻፈ ሪከርድ ኢንዴክሱ ውስጥ አይገባም። ላይብረሪው ኋላ ራሱ ደርሶ አያሟላልሽም። ዋናውን ፋይል ለመጻፍ የሚከፍት ፕሮግራም ሁሉ ኢንዴክሱን ከፍቶ አሶሼት ማድረግ አለበት፤ መክፈቻውን አንድ የጋራ ፈንክሽን ውስጥ አድርጊው፣ ማንም እንዳይረሳው።

ኮልባኩን ስለቀየርሽ ኢንዴክሱ የግድ እንደገና ይሠራል። ሪከርድ ሲቀየር ወይም ሲሰረዝ ላይብረሪው የድሮውን የኢንዴክስ ቁልፍ የሚያገኘው በድሮው ሪከርድ ላይ ኮልባኩን እንደገና በመጥራት ነው። አዲሱ ኮልባክ ሌላ ቁልፍ ስለሚሰጥ የድሮውን አያገኘውም፣ ዲቢ_ሴኮንደሪ_ባድ የሚል ስህተት ይመጣል። ዋናው ፋይል የቁጥሩ ቅደም ተከተል ስለተቀየረ እሱም ወደ አዲስ ፋይል መገልበጥ አለበት። ማታ መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ፕሮግራሙን ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ዝጊ፣ የፋይሎቹን ቅጂ ውሰጂ። የድሮውን ዋና ፋይል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኔክስት እያነበብሽ ቁጥሩን በኤችቶንኤል አሳልፈሽ፣ መያዣዎቹንም አስፍተሽ አዲስ ፋይል ላይ ጻፊ። የድሮውን የስም ኢንዴክስ አጥፊው። አዲስ ባዶ ኢንዴክስ ከፍተሽ አሶሼትን በዲቢ_ክሪኤት ጥሪው፤ ኢንዴክሱ ባዶ ከሆነ ላይብረሪው ዋናውን ራሱ አንብቦ ይሞላዋል። ለአንድ ማኅበር የአባላት ብዛት ይህ ረጅም ጊዜ አይፈጅም፣ ግን መብራት እንዳይሄድብሽ ዩፒኤስ ባለው ማሽን ላይ ሥሪው።

የላይብረሪውን ቨርዥን ስትመርጪ ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው 6.0 ፈቃዱን ወደ ኤጂፒኤል፣ የፕሮግራምሽን ኮድ ክፍት ማድረግን ወደሚጠይቅ ፈቃድ፣ እንደቀየረ እወቂ፤ ፕሮግራሙን ለሌሎች ማኅበራት ለመሸጥ ካሰብሽ ይህ ይመለከትሻል። ብዙዎቹ የሊኑክስ ስርጭቶች 5.3 ላይ የቆዩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ኢንዴክሱ ተሠርቶ ሲያልቅ የሪከርዱን ብዛት የሚነግርሽን ዲቢ_ስታትን በሁለቱም ፋይሎች ላይ አስኪጂ። የዋናው ፋይል የሪከርድ ብዛትና የኢንዴክሱ ብዛት እኩል መሆን አለባቸው፤ የተሰረዙትን ከኢንዴክሱ ካስወጣሽ ልዩነቱ ልክ የእነሱን ያህል መሆን አለበት። አንድ እንኳ ቢጎድል የጠፋው የማን እንደሆነ ሳታውቂ ጠዋት መስኮቱን አታስከፍቺ፤ ቅጂውን መልሺና የቅርንጫፉን ማስገቢያ ፕሮግራም መጀመሪያ ፈትሺ።